ትምህርት የሚከብደውን የክፍል ጓደኛ በደግነት መያዝ፤ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ለሚገኙ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

መግቢያ

ትምህርት የሚከብደው ሕፃን በትምህርት ቤት እንዲቆይ ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛው ትምህርት ቤቱ ስሙን በመዝገብ አስፍሮ እንዲቀበለው ነው፤ ሁለተኛው የክፍል ጓደኞቹ ከጎናቸው እንዲያስቀምጡት ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል፤ የተሠራውም ቀላል አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ጥረት እንደሚደረግ ገልጾ ነበር። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በስፔን አገር በሳላማንካ ከተማ የተሰበሰቡት መንግሥታት መደበኛው ትምህርት ቤት ልጆችን ሁሉ ያለ ልዩነት እንዲቀበል የሚጠይቅ መግለጫ አወጡ። ትምህርት ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አዘጋጀ፤ ይህንኑም እ.ኤ.አ. በ2012 የአካቶ ትምህርትን ሐሳብ በማጉላት አሻሻለው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ24ኛው አንቀጹ የአካቶ ትምህርትን መብት ያረጋግጣል።

ስለ ሁለተኛው ጉዳይ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ፖሊሲ ልጁን እስከ ክፍሉ በር ያደርሰዋል እንጂ ከአጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ዴስኩን ሲያጋራው ወይም በክርኑ ሲገፋው ሊቆጣጠር አይችልም። ፊደል የሚጠፋበት ልጅ ትምህርቱ ስለ ከበደው ብቻ ከትምህርት ቤት አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ባነበበ ቁጥር ስለሚሳቅበት ነው። ትምህርቱ መክበዱ ሳያንሰው መሳቂያ መሆኑ ሲጨመርበት፣ አገሬው እንደሚለው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆንበታል። ስለዚህ ደግነትን ማስተማር ከዋናው ትምህርት ጎን የሚቀመጥ ትርፍ ሥራ ሳይሆን ልጁ በትምህርት ቤት እንዲቆይ የሚያደርግ መሠረታዊ ተግባር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ተግባር ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ባሉ ሕፃናት ዘንድ እንዴት ሊከናወን እንደሚችል ማብራራት ነው።

የመማር ችግር ሲባል

መምህሩ ለሕፃናቱ ከማስረዳቱ አስቀድሞ ራሱ የነገሩን ልዩ ልዩ መልክ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። በአንድ ክፍል ውስጥ “ዘገምተኛ” ተብለው በጅምላ የሚጠሩ ልጆች በእውነቱ አራት ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ።

አንደኞቹ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ናቸው። እነዚህ ልጆች መናገርን፣ መቁጠርንና ራሳቸውን መርዳትን ከእኩዮቻቸው ዘግይተው ይማራሉ፤ ነገር ግን ይማራሉ። ምክንያቱም ልዩ ልዩ ነው፤ በወሊድ ጊዜ የአየር እጥረት፣ የማጅራት ገትር በሽታ፣ ወይም እንደ ዳውን ሲንድሮም ያለ ከፅንስ የሚጀምር ሁኔታ ሊሆን ይችላል። ለደጋው አገር በተለይ ሊጠቀስ የሚገባው የአዮዲን እጥረት ነው። ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ባጠበው ተራራማ አገር ከመሬቱ የሚገኘው እህል አዮዲን ያንሰዋል። ነፍሰ ጡር እናት ይህን ንጥረ ነገር ስታጣ እርሷን እንቅርት ሲያወጣባት፣ የፅንሱን አእምሮ ደግሞ ሊጎዳው ይችላል። ለብዙ ዘመን ደጋው ይመገብ የነበረው የአሞሌ ጨው አዮዲን አልነበረበትም፤ የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ይህን የሚያውቅ መምህር የአንድን ልጅ ችግር በእርግማን ለሚተረጉም ወላጅ የሚሰጠው መልስ አያጣም።

ሁለተኞቹ አእምሯቸው ንቁ ሆኖ ሳለ ማንበብ፣ መጻፍ ወይም ማስላት ብቻ ተለይቶ የሚከብዳቸው ናቸው። የአማርኛ ፊደል 33 ቤቶች በ7 ረድፍ ሲባዙ 231 ይሆናሉ። በ“ቡ” እና በ“ቢ” መካከል ያለው ልዩነት ቅጥያዋ ከወገብ ወይም ከእግር መውጣቷ ብቻ ነው፤ “ቢ” እና “ቤ”ን የሚለያቸውም አንዲት ትንሽ ቀለበት ናት። “ነ” እና “ኘ”፣ “ተ” እና “ቸ” በአንዲት ሰረዝ ይለያያሉ። “ሀ”፣ “ሐ” እና “ኀ” ደግሞ በመልክ ተለያይተው በድምፅ አንድ ናቸው። ለዚህ ዓይነቱ ልጅ ገጹ የተደበላለቀ ምልክት ሆኖ ይታየዋል። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ይልቁንም ከሌሎቹ እጥፍ ይደክማል።

ሦስተኞቹ ዓይናቸው ወይም ጆሯቸው የደከመ ናቸው። ጥቁር ሰሌዳው የማይታየው ወይም የመምህሩ ድምፅ የማይደርሰው ልጅ መልስ ባለመስጠቱ ብቻ ከዘገምተኛ ሊቆጠር ይችላል። አራተኞቹ ትምህርት ያመለጣቸው ናቸው። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት የሰሜን ጎንደርን ወረዳዎች ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል። ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከትምህርት ርቆ የተመለሰ ልጅ ፊደል ቢረሳ የሚያስፈልገው የማካካሻ ትምህርት እንጂ የጉዳት ስም አይደለም። ለአራቱም መፍትሔው የተለያየ ቢሆንም ከክፍል ጓደኞቻቸው የሚጠብቁት ነገር ግን አንድ ነው፤ ይኸውም አለመናቅ ነው።

ሕፃናት ጉዳትን እንዴት ይረዱታል

ስዊስ አገር የተወለደው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው የሕፃናትን የግብረ ገብ ፍርድ የሚመለከት ጥናት፣ ታናናሽ ሕፃናት ክፉ ነገር ሁሉ የጥፋት ቅጣት ሆኖ እንደሚታያቸው አመልክቷል። ሕፃኑ ድንጋይ ያደናቀፈው ልጅ ቀድሞ ያጠፋው ነገር እንዳለ ያስባል። እንዲሁም ማንኛውም ደዌ በመነካካት የሚተላለፍ ይመስለዋል። በዚህ የተፈጥሮ አስተሳሰብ ላይ ከቤት የሚሰማው ቃል ሲታከልበት ይጸናል። ጉዳት የኃጢአት ዋጋ፣ የእርግማን ወይም የቡዳ ሥራ ነው የሚል ንግግር በብዙ መንደር ይሰማል። ስለዚህ አንድ ሕፃን ከጓደኛው አጠገብ አልቀመጥም ሲል ክፉ ስለ ሆነ ላይሆን ይችላል፤ ይጋባብኛል ብሎ ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ፍርሃት በተግሣጽ አይወገድም፤ የሚወገደው በማስረዳትና በአብሮነት ነው።

ቃላትም የራሳቸው ኃይል አላቸው። “ጅል”፣ “ቂል”፣ “ደደብ” የሚሉት ስድቦች ከአዋቂ አንደበት ወደ ሕፃን አንደበት የሚሸጋገሩት በፍጥነት ነው። በአንድ ወቅት በመንግሥት ጽሑፎች ሳይቀር ይሠራባቸው የነበሩት “አካለ ስንኩል” እና “የአእምሮ ዘገምተኛ” የሚሉት ስያሜዎች “አካል ጉዳተኛ” እና “የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት” በሚሉት የተተኩትም ሰውየውን ከጉዳቱ ለይቶ ለማየት ነው። ለሕፃናት ግን ረጅሙ ስያሜ አያስፈልግም። “ማንበብ የሚከብደው ልጅ”፣ “ቀስ ብላ የምትማር ልጅ” ማለት ይበቃል፤ ከሁሉም የሚሻለው ልጁን በስሙ መጥራት ነው።

ምጽዋትና ደግነት

የጎንደር ልጅ ደግነትን ያለ ትምህርት ቤት እርዳታ የሚያውቅ ይመስላል። ከተማይቱ በአብያተ ክርስቲያናቷ የታወቀች ናት፤ ሕፃኑ በእናቱ እጅ ተይዞ ወደ ደጀ ሰላም ሲሄድ ሳንቲም ወይም ቁራሽ ዳቦ ለነዳያን ይሰጣል። ይህ የሚመሰገን ልማድ ነው። ነገር ግን ሕፃኑ ጉዳት ያለበትን ሰው የሚያየው ዘወትር በደጅ ተቀምጦ፣ እጁን ዘርግቶ ከሆነ፣ ጉዳት ያለበት ሰው ተቀባይ ብቻ እንደ ሆነ ሊያምን ይችላል። ይህን እምነት ይዞ ወደ ክፍል ሲገባ ለጓደኛው ያዝንለታል፤ እርሳስም ይሰጠው ይሆናል፤ ለጨዋታ ግን አይመርጠውም። ርኅራኄው እውነተኛ ቢሆንም ጓደኛው አሁንም ብቻውን ነው።

በዚህ ረገድ የደጋው ገበሬ ሁለት ዓይነት የሥራ መረዳጃ ያለው መሆኑ ለመምህሩ መልካም ምሳሌ ይሆናል። በደቦ ጊዜ ባለቤቱ ደግሶ ጎረቤቶቹን ይጠራል፤ እነርሱም ሠርተው፣ በልተውና ጠጥተው ይመለሳሉ። በወንፈል ግን ዛሬ አንዱ ለሌላው ያጭዳል፤ ነገ ተራው ደርሶ ይታጨድለታል። በወንፈል ተረጂና ረጂ የሚባል የለም፤ የጉልበት ልክ ቢለያይም ተራ አለ። በክፍል ውስጥ ሊሰፍን የሚገባው ደግነትም እንደ ወንፈል ያለ ነው። ማንበብ የሚከብደው ልጅ ዛሬ በንባብ ይረዳ፤ ነገ ደግሞ እርሱ በሚችለው፣ ለምሳሌ በመዝሙር፣ በሥዕል፣ በአትክልት ሥራ ወይም በሩጫ ሌላውን ይርዳ። ተራ ያልተሰጠው ልጅ ውለታ እየተከማቸበት ይሄዳል፤ ውለታ የተከማቸበትም ሰው ቀና ብሎ አይቀመጥም።

የአብነት ትምህርት ቤቱም የሚሰጠው ትምህርት አለ። በጎንደር በኖረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዓት ደርሶ ያለፈ ተማሪ ታናሹን ያስጠናል፤ ቃል በቃል እየተቀበሉ የሚማሩ ዓይነ ስውራንም ለሊቅነት ደርሰዋል። ይህም አንድ መንገድ የተዘጋበት ተማሪ በሌላ መንገድ ሊደርስ እንደሚችል አገሩ ቀድሞ የተገነዘበው ነገር መሆኑን ያሳያል።

በክፍል ውስጥ የሚሠሩ ተግባሮች

1. የመምህሩ አርአያነት

ሕፃናት የሚማሩት መምህሩ ከሚሰብከው ይልቅ ከሚያደርገው ነው። የተሳሳተ መልስ ሲሰማ ፊቱን የሚያጨማድድ መምህር ለክፍሉ የመሳቅ ፈቃድ ሰጥቷል። ትክክል ለመለሰ ብቻ እንዲጨበጨብ የሚያደርግም ለቀሩት ዝምታን ፈርዶባቸዋል። ጭብጨባው ከትናንቱ ለተሻለ ሁሉ ሊሆን ይገባል። ትናንት ሦስት ፊደል የለየ ልጅ ዛሬ አምስት ከለየ ጎበዝ ነው። “ጎበዞች” ከፊት፣ “ሰነፎች” ከኋላ የሚቀመጡበት አሠራር ደግሞ መምህሩ ሳይናገር የሚያስተላልፈው ስድብ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ወላጆች በተሰበሰቡበት ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ያለውን ደረጃ በይፋ ማንበብም እንዲሁ ሊታሰብበት ይገባል፤ የመጨረሻው ልጅ ስም በሰፈር ውስጥ እስከ መስከረም ይኖራልና።

2. እውነቱን በቀላል ቃል መንገር

ሕፃናት የሚጠይቁትን ጥያቄ ማፈን ፍርሃትን ያበዛል። አንድ ልጅ፣ “ቲቸር፣ እሱ ለምንድን ነው የማያነበው?” ብሎ ቢጠይቅ፣ መምህርቷ “ዝም በል” ከማለት ይልቅ እንደሚከተለው ልትመልስ ትችላለች። “ልጆች፣ ሁላችንም የሚቀለንና የሚከብደን ነገር አለን። ለአንዱ ሩጫ ይከብደዋል፤ ለሌላው ንባብ ይከብደዋል። እንዲህ ሆኖ መወለድ ጥፋት አይደለም። እንደ ጉንፋንም አይጋባም። ቀስ ብሎ ይማራል፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ ብትጠብቁት ይደርሳል።” በዚህ መልስ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ጥፋት አለመሆኑ፣ የማይተላለፍ መሆኑና ልጆቹ የሚያደርጉት ነገር መኖሩ። ልጁ በክፍል እያለ ስለ እርሱ ብቻ ረጅም ንግግር ማድረግ ግን ያሳፍረዋል፤ ስለ ችግሩ ከመናገር በፊትም ከወላጆቹ ጋር መመካከር ተገቢ ነው።

3. በእኩልነት ላይ የቆመ የቡድን ሥራ

አሜሪካዊው ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የተራራቁ ወገኖችን አንድ ላይ ማስቀመጥ ብቻውን ንቀትን እንደማያስወግድ አስረድቷል። አብሮነት ፍሬ የሚያፈራው በአቋም እኩል ሲሆኑ፣ የጋራ ዓላማ ሲኖራቸው፣ ለዚያም ተባብረው ሲሠሩና ባለሥልጣኑ፣ በትምህርት ቤት ረገድ መምህሩ፣ ሲደግፈው ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት በትምህርት ቤቶቻችን የተዘረጋው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት በዚህ ሚዛን ሲታይ የጋራ ዓላማ ነበረው፤ ነገር ግን ጎበዙን ዘወትር መሪ፣ ደካማውን ዘወትር ተመሪ ስለሚያደርግ እኩልነቱ ይጎድለዋል።

ይህን ጉድለት ለማቃናት ኤሊየት አሮንሰንና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ክፍለ ግዛት በኦስቲን ከተማ የጀመሩት ዘዴ ይጠቅማል። በዚህ ዘዴ ትምህርቱ ለቡድኑ አባላት ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ የያዘውን ክፍል ሌላው ስለማይዘው የማንም ድርሻ ሳይሰማ ትምህርቱ አይሞላም። ለምሳሌ በዳባት ወይም በጃናሞራ በሚገኝ ትምህርት ቤት “ገብስ ከእርሻ እስከ ምግብ” የሚል ትምህርት ቢኖር፣ አንዱ ስለ እርሻና ዘር፣ ሁለተኛው ስለ አጨዳና ውቂያ፣ ሦስተኛው ስለ ጎተራ፣ አራተኛው ስለ ቆሎ፣ በሶና እንጀራ ለቡድኑ ያስረዳሉ። ማንበብ የሚከብደው ልጅ አውድማ ላይ በሬ የነዳ ከሆነ የውቂያው ድርሻ ለእርሱ ይሰጥ፤ ያለ መጽሐፍ ከማንም የበለጠ ያውቀዋልና። ድርሻውን ከቀኑ በፊት ከመምህሩ ጋር እንዲለማመድ ማድረግ ደግሞ በራስ መተማመኑን ያጠነክረዋል።

4. ጨዋታ

የሕፃናት ፍርድ የሚገለጠው በዕረፍት ሰዓት ነው። ሰኞ ማክሰኞና ድብብቆሽ ሲጫወቱ ማን እንደሚገባና ማን ዳር እንደሚቆም መምህሩ ይመልከት። አሜሪካዊቷ የሕፃናት መምህርት ቪቪያን ፔሊ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በክፍሏ ማንም ሌላውን “አትጫወትም” ሊለው አይችልም የሚል ሕግ እንዴት እንዳስገባች ተርካለች። ሕጉን ከመደንገጓ በፊት ከሕፃናቱ ጋር ብዙ ተወያይታበታለች። እንዲህ ያለው ሕግ በእኛም ክፍል ሊሠራ ይችላል፤ ዋናው ነገር ሕፃናቱ ራሳቸው ተነጋግረው እንዲቀበሉት ማድረግ ነው። ከዚህም ጋር መፍጠንን የማይጠይቁ ጨዋታዎች፣ እንደ ገበጣ፣ ተረትና እንቆቅልሽ ያሉት፣ ቀስ ለሚለው ልጅ ቦታ ይሰጡታል።

5. የመረዳዳት ተራ

አንድን ደግ ልጅ መርጦ የጓደኛው የዘወትር ጠባቂ ማድረግ ስሕተት ነው። ረጂው ይሰለቻል፤ ተረጂውም እንደ ሕፃን ይታያል፤ የቀሩትም ልጆች ነገሩ አይመለከተንም ይላሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለው፣ ሥራው በየሳምንቱ ተራ ለሁሉም ይዳረስ። ሕፃናቱም መርዳት ማለት ሠርቶ መስጠት እንዳልሆነ ይማሩ፤ “ልርዳህ?” ብሎ መጠየቅ፣ መጠበቅ፣ ገጹን በጣት ማሳየት ይበቃል።

6. ፌዝ ሲከሰት

የተሻለ ክፍልም ቢሆን ከፌዝ አያመልጥም። መምህሩ ወዲያው በአጭር ቃል ያስቁም፤ “በክፍላችን በሰው አይሳቅም” ማለት በቂ ነው። ከዚያም አፌዘው የተገኘውን ልጅ ለብቻው ጠርቶ ለምን እንዳደረገው ይጠይቀው። አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የተፌዘበት ልጅ ሆኖ ይገኛል። ዱላ መፍትሔ አይደለም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን ስለ ከለከለ ብቻ ሳይሆን፣ በዱላ የተማረ ልጅ የሚማረው ኃይለኛው ደካማውን መምታት እንደሚችል ስለ ሆነ ነው። በሕዝብ ፊት “ይቅርታ በል” ብሎ ማስገደድም ቂም ይተክላል። የሚሻለው አጥፊው የሚክስበትን ሥራ፣ ለምሳሌ በሚቀጥለው የቡድን ሥራ ከጓደኛው ጋር አብሮ መዘጋጀትን መስጠት ነው።

የደጋው ትምህርት ቤት ሁኔታ

በደባርቅ፣ በወገራ፣ በጃናሞራና በበየዳ ገጠሮች ትምህርት ቤቱ ከመንደሩ ሊርቅ ይችላል፤ መንገዱም ገደልና ወንዝ አለበት። የክፍል ውስጥ ደግነት ብቻውን ለዚህ አይበቃም። ቀስ ብሎ የሚራመድ ወይም መንገድ የሚጠፋው ልጅ በውርጭ ማለዳ ብቻውን እንዳይቀር የአንድ ጎጥ ልጆች ተጠራርተው እንዲመጡ ማደራጀት ያስፈልጋል። ብዙ ተማሪ በታጨቀበት፣ ወይም ሁለት ክፍሎች በአንድ መምህር በሚማሩበት ቦታ ደግሞ የልጆች እርስ በርስ መረዳዳት ለመምህሩም እጅግ ጠቃሚ ነው።

ከወላጅ ጋር መነጋገር የሚያስፈልገውም በዚህ ነው። ልጁን ከሰው ዓይን ለመሰወር በቤት የሚያስቀር ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚፈራው መምህሩን ሳይሆን የጎረቤት ልጆችን አፍ ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2002 ለኦቲስቲክ ልጆች የጆይ ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለዚህ ሥራ የተነሡት ልጃቸውን የሚይዝ ትምህርት ቤት በማጣታቸው ነበር። እንደ እርሳቸው ማዕከል ለመክፈት የሚችል ወላጅ ግን ጥቂት ነው፤ የደጋው ወላጅ ተስፋ የሚያደርገው በአቅራቢያው ያለውን ትምህርት ቤት ብቻ ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች

ከላይ የተዘረዘረው አብዛኛው ተግባር ገንዘብ የማይጠይቅ ቢሆንም ያለ ዕቅድ ሊዘልቅ አይችልም። በመጀመሪያ፣ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተካተተው የግብረ ገብ ትምህርት ይህን ጉዳይ በስብከት መልክ ሳይሆን በሥራ መልክ እንዲይዘው የመምህሩ መምሪያ ሊታገዝ ይገባል። ሁለተኛ፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ዕጩ መምህራንን በልምምድ ትምህርት ሲገመግሙ፣ የተሳሳተ መልስ የሰጠን ልጅ እንዴት እንደያዙት ከመመዘኛዎቹ አንዱ ቢያደርጉት ይበጃል። ሦስተኛ፣ በ2012ቱ ስትራቴጂ የታሰቡት የአካቶ ትምህርት የመርጃ ማዕከላት በዓይንና በጆሮ ምርመራ ቢጀምሩ ብዙ ልጆች ካልተገባ ስም ይድናሉ። ለዚህም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት ክፍሎችና ኅብረተሰብ አቀፍ የተሐድሶ ፕሮግራሙ በአቅራቢያ ያሉ ረዳቶች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በአካል ጉዳተኞች አካታችነት ላይ ሲሠራ መቆየቱ ይታወቃል።

አራተኛው የውጤት መለኪያ ጉዳይ ነው። ስንት ልጆች ተመዘገቡ የሚለው ቁጥር የጓደኝነትን ነገር አያሳይም። ያዕቆብ ሞሬኖ እ.ኤ.አ. በ1934 ካስተዋወቀው የቡድን ግንኙነት መለኪያ የተወሰደ ቀላል ዘዴ ግን አለ። መምህሩ በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው “ከማን ጋር መጫወት ትወዳለህ?” ብሎ ሦስት ስም ይጠይቅ፤ “ማንን ትጠላለህ?” ብሎ ግን አይጠይቅ። በመስከረም ማንም ያልጠራው ልጅ በሰኔ በአንድ ጓደኛ እንኳ ከተጠራ ሥራው ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው። ወረቀቱም ለመምህሩ ብቻ የሚቀመጥ ምስጢር ይሁን።

ማጠቃለያ

ታናናሽ ሕፃናት ክፉዎች አይደሉም፤ ያላወቁትን ይፈራሉ፣ የሰሙትንም ይደግማሉ። ስለሆነም ጉዳት ቅጣት አለመሆኑን በግልጽ ሲነገራቸው፣ በመምህራቸው ፊትና አንደበት አክብሮትን ሲያዩ፣ በቡድን ሥራና በጨዋታ ከጓደኛቸው ጋር በእኩልነት ሲሰለፉ ደግነትን ይለምዳሉ። ይህ ደግነት ከደጀ ሰላም ምጽዋት የሚለየው ጓደኛውን ሰጪም አድርጎ ስለሚያየው ነው። የአንደኛ ክፍል ልጅ ዛሬ ከጎኑ ላለው ጓደኛ ያሳየውን አክብሮት፣ ነገ ጎረቤት፣ አሠሪ፣ ወላጅ ወይም መምህር ሲሆን ይዞት ይገኛል። ለጓደኛው ግን ትርፉ የነገ ብቻ አይደለም፤ ነገ ጠዋት ደብተሩን አንሥቶ ወደ ትምህርት ቤት የመምጣቱና ያለመምጣቱ ጉዳይ በዚሁ ይወሰናል።